አቴንስ የቀረው ወንድሜ

ፀሐይ ያጋለው የጥድ ሙጫ ሲሸተኝ ዛሬም ያ የአቴንስ ጠዋት ተመልሶ ይመጣብኛል።

ያኔ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለ አፓርትመንት ከእናቴና ከአባቴ ጋር እኖር ነበር፣ ብቸኛ ልጃቸው እንደሆንኩም አምን ነበር። አባዬ ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ ውስጥ እየሠራ፣ እማዬም ሆቴል እያጸዳች፣ ቫኬሽን የሚባል ነገር ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ በረዶው መስኮታችን ሥር ተከምሮ ሳለ አባዬ «ሰመር ላይ አቴንስ እንሄዳለን» ሲለኝ በደስታ ዘለልኩ። የጥንቶቹን ዓምዶች ፎቶ ከላይብረሪ በተዋስኩት መጽሐፍ እያገላበጥኩ ለጓደኞቼ አሳይ ነበር። እማዬ ግን አንዴም አላየችውም። በረዶው ቀልጦ ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ ከቤተ ክርስቲያን ጧፍ አምጥታ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሻንጣው ሥር ስታስቀምጥ አየኋት፤ ለምን እንደሆነ ብጠይቃት ሻንጣውን ዘጋችው።

አቴንስ በደረስን ማግስት ከቱሪስቱ ጋር እየተጋፋን ዓምዶቹ ወዳሉበት ኮረብታ ወጣን። አባዬ «ሳቂ እንጂ» እያለ ፎቶ ሲያነሳኝ፣ እማዬ ለዓምዶቹ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ታች ያለው ከተማ ውስጥ የሆነ ቦታ በዓይኗ ትፈልግ ነበር።

በሚቀጥለው ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ አባዬ እጄን ይዞ «ዛሬ ወንድምሽ ጋ ነው የምንሄደው» አለኝ።

«የምን ወንድም?» አልኩት በእንግሊዝኛ።

አሜሪካ ከመግባታቸው በፊት እዚህ ከተማ ስደተኛ ሆነው ይኖሩ እንደነበር፣ ሄኖክ የሚባል ልጅ ወልደው ገና ዳዴ ሳይል ትኩሳት እንደወሰደው፣ ቀብረውትም ብዙ ሳይቆዩ ቪዛቸው መጥቶ እንደሄዱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ።

መቃብር ቦታው ስንደርስ እማዬ ማንንም ሳትጠይቅ ከፊታችን ቀድማ ሄዳ አንድ ትልቅ ጥድ አጠገብ ቆመች። እዚያ የነበረው የማናውቃቸው ሽማግሌ ፎቶ ያለበት አዲስ እብነ በረድ ነው። አልፋው ሄዳ ተመለሰች፣ ደግማ ሄዳ ተመለሰች። የመቃብር ቦታው ዘበኛ መጥቶ አባዬን ሲያነጋግረው፣ አባዬ ኮፍያውን ቀስ ብሎ ሲያወልቅ አየሁ።

«ምን አለህ?» አለች እማዬ።

«ቦታ ስለሚያንሳቸው ሦስት ዓመት ነው አሉ የሚያቆዩት። ከዚያ ዐፅሙን ያወጡታል። ዘመድ ካልመጣ ከሌሎቹ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ...»

«ለምን አልነገሩንም?»

«የት አግኝተውን ይንገሩን? ሄደን ነበር እኮ።»

እማዬ አላለቀሰችም። «ጉድጓዱን ያሳየን» ብቻ አለች። ዘበኛው በሲሚንቶ ወደ ተከደነ ስፍራ ወሰደን፣ እሷም ተንበርክካ «ሄኖክዬ፣ መጥተናል» እያለች ጧፉን ታበራ ነበር፣ ነፋሱ እያጠፋባት፣ አባዬ በኮፍያው እየከለለላት።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ትምህርት ቤት ተመለስኩ። የኮረብታውን ፎቶ ለክፍሌ ላሳይ ፈልጌ ነበር፣ አባዬ ግን ፊልሙን አላሳጠበውም። ቤታችን ውስጥም ስለ አቴንስ ያነሳ ሰው አልነበረም።

አባዬ ካረፈ ቆይቷል። የመቃብሩን ድንጋይ ስናሠራ እማዬ ከስሙ ሥር የሄኖክን ስም አስቀረጸች። ሠራተኛው «እዚህ የተቀበሩት ሁለት ናቸው?» ብሎ ሲጠይቃት፣ ሳታመነታ «አዎ» አለችው። በዚያ ሰሞን «አቴንስ የቀረው ወንድሜ እንዴት እዚህ ይሆናል?» እያልኩ አስጨንቃት ነበር። አሁን እኔኑ ሰው ወንድምሽ የት ነው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ኦሮራ፣ ከአባቴ ጋር ነው እላለሁ።