ቤት ለቤት የዞረችው ጠርሙስ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ውስኪ ያለው ሰው ሞልቷል፤ የሚከፍተው ግን የለም። ውስኪ በኛ አገር አይጠጣም፣ ይሰጣል። አንዱ ለክርስትና ይዞት ይመጣል፤ ባለ ድግሱ ብፌ ላይ ያቆመዋል፤ ሠርግ ሲጠራ አቧራውን ጠርጎ ይዞት ይሄዳል፤ ባለ ሠርጉም በተራው ላስታረቀው ሽማግሌ ያበረክተዋል። ካርቶኑ እስኪያረጅ ድረስ እንዲህ ይዞራል። ከፍቼ የምቀምሰው እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ፤ ለዚህም ነው ጎረቤቶቼ «መምህሩን ትንሽ ነካ ያደርገዋል» የሚሉኝ።

ይበሉ። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ ሽታ ይገባኛል። የምፈልገው ሱቅ ሁሉ የሚደረደረውን ሳይሆን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የማይደገመውን ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ፣ ከውጭ የሚመለስ ዘመድ ያለው ሰው ከሰማሁ አላስቀምጥ አላስቆም ይለኛል። ጥቂት እቀዳለሁ፣ ጠብታ ውኃ ጣል አደርጋለሁ፣ አሸታለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ ተመልሼ አሸታለሁ። ባለቤቴ ታየኝና «አሁን ይኼ መጠጥ ነው ወይስ ጸበል?» ትለኛለች። የሽንዲንም የዱርቤቴንም አረቄ በትንንሽ ጠርሙስ አኑሬያለሁ፤ እሱን ስታይ ደግሞ ጭራሽ ትስቃለች።

ከጠርሙሶቼ ሁሉ አንዷ የተለየች ነበረች። ያመጣልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድሜ ሽንዲ ነው የሚኖረው፤ ጅቡቲ ድረስ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጠርሙሷ ከአንድ በርሜል ብቻ የተቀዳች ናት፤ ስንተኛዋ እንደሆነች ወረቀቱ ላይ በእጅ ተጽፎባታል። ሻንጣው ውስጥ በልብስ ጠቅልሎ፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ነው ያደረሳት። «ልጄን ስድር አብረን እንከፍታታለን፤ እስከዚያ እንዳትነካት» አለኝ። እሺ አልኩ። ለእኔ ያ ትልቅ ነገር ነበር፤ አባታችን ቶሎ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው።

ከዚያ የእናታችን ተዝካር መጣ። የወንድሜ ሚስት ራሷ ያወጣችውን አረቄ አቀረበች። እኔ ምላሴ አያርፍም፤ ቀመስኩና ቄሱም ዘመድ አዝማዱም በተቀመጠበት «ይኼ እኮ አሯል» አልኩ። ሴትየዋ መቅጃውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ወንድሜ ብድግ አለ። «ጉሮሮህ ከብሯል፤ እንግዲህ ከከበሩት ጋር ጠጣ!» አለኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ይገባኝ ነበር፤ ተኮሳትሬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በሰው በኩል ሰላምታ እንኳ አልተላላክንም።

እና አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ብፌው ላይ ክፍተት አየሁ። ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ የኃላፊዋ ልጅ ክርስትና ነበር። ካርቶኗ ቀጭን ስለሆነች፣ ረከስ ያለችው እሷ ናት ብላ ይዛት ሄዳለች።

«ምን አደረግሽኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን አደረግኩህ? ውስኪ ውስኪ ነው። ደግሞስ ወንድምህን ዓይኑን ሳታይ ጠርሙሱን ምን ልታደርገው ነው?»

ጥያቄዋ እውነት ነበራ! ያን ጊዜ ሄጄ ላስመልሳት እችል ነበር፤ ሰው የሰጠውን መልሱልኝ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ኩርፊያዬም አግዞኝ ተውኩት።

ከመስቀል በኋላ ኅዳር ላይ ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው። ድምፁን ስሰማ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ስለ ጤንነት፣ ስለ ልጆች ጠያየቅን። «ልጄን ጥር ላይ እድራለሁ» አለኝ። «ያቺ ጠርሙስ አለች?»

«እንዴታ!» አልኩ። ምላሴ ቀደመኝ። «ብፌው ላይ ናት፤ አቧራዋን እኔው ነኝ የምጠርጋት።»

ዝም አለ። ኔትወርኩ የሄደ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ። «በል እንግዲህ ይዘሃት ና» ብሎ ዘጋው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰላም አጣሁ። ማስተማር አልቻልኩም፤ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ራሴ እየረሳሁ ተማሪዎቹ ይስቁብኛል። ያለ ጠርሙሷ ብሄድ ንቆኛል ይላል፤ ብቀር ደግሞ የልጁን ሠርግ ረገጠ ይባላል፤ በዚያ ላይ እርቃችን እዚያው ይሞታል። ሌላ ጠርሙስ እንዳልገዛ ቁጥሯን ያውቃታል። ባለቤቴ ማታ ማታ ስገላበጥ ሰልችቷት «ተነሥና ፈልጋት፤ እኔንም አስተኛኝ» አለችኝ።

የባለቤቴ ኃላፊ ቤት ሄድኩ። ደግ ሰው ነው፤ ነገሩን ስነግረው ሳቀ። «እኔ ጨጓራ አለብኝ፤ መቼ እጠጣለሁ? እህቴንና ባሏን ላስታረቁልኝ ለቡሬው ሽማግሌ ሰጠኋት» አለኝ። የሽማግሌውን ቤት በደንብ አስረዳኝ፤ ከገበያው ጀርባ፣ የእህል መጋዘን ያላቸው ናቸው።

ቡሬ ቅርብ ናት፤ በደኅና ቀን። መንገዱ ግን አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። መጀመሪያ የወጣሁ ዕለት ማንኩሳ ላይ ቆመን ዋልንና ተመለስን። ሌላ ጊዜ መናኸሪያ ሄጄ አንድም መኪና አልነበረም። ጥር ገባ። ጥምቀት አለፈ። ሠርጉ እየቀረበ፣ እኔ ግቢዬ ውስጥ ከበር እስከ አጥር እመላለሳለሁ። በመጨረሻ መንገዱ ተከፈተ ሲባል ክፍሌን ለሌላ መምህር ለምኜ ሰጥቼ፣ ቁርሴን ሳልበላ ሚኒባስ ውስጥ ዘለልኩ። ረዳቱ ሰው እስኪሞላ ሲጮህ ወርጄ ልገፋው ምንም አልቀረኝም።

ሽማግሌውን በራቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ማንነቴንና የላከኝን ሰው ነገርኳቸው። «ግባ መምህር፣ ግባ» አሉና እጄን ይዘው አስገቡኝ። እኔ ዓይኔ ብፌያቸው ላይ ነው። እዚያ ናት! ካርቶኗ ጥጓ ትንሽ ረግፏል እንጂ ራሷ ናት። ሳይሉኝ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ነውር መሆኑን አውቃለሁ» አልኩ፤ «ግን ይቺን ጠርሙስ ይስጡኝና ሌላ የፈለጉትን ላምጣልዎ።»

«ኧረ ውሰዳት! እኔስ ምን ሠራችልኝ?» አሉ። «እኔም ሰጥቻት ነበር፤ መለሰልኝ።»

«ማን?»

«አንድ ሾፌር አለ፤ የወንበርማ ሰው፣ የሽንዲ። በቆሎዬን የሚጭንልኝ። ባለቤቴ ታማ መንገድ በጠፋበት ጊዜ ጋቢና አስተኝቶ ባሕር ዳር ሆስፒታል ያደረሰልኝ እሱ ነው፤ ዛሬ በሕይወት ያለችው በሱ ነው። በመስቀል ጠራሁትና ይቺን በሁለት እጄ ሰጠሁት። ደስ ብሎት ተቀበለ። ከዚያ ገልበጥ አደረጋትና ወረቀቷን አነበበ። ደግሞ አነበበ። ፊቱ ጠቆረ ልጄ። ማን እንደሰጠኝ ጠየቀኝ፤ ከፍኖተ ሰላም ናት አልኩት። ‹አባባ፣ ይቺ የኔ አይደለችም› ብሎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ። ጠላውን እንኳ ሳይጨርስ ወጣ። ምን እንዳስቀየምኩት እስከዛሬ አላውቅም።»

ረጅም፣ ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው ነው ወይ ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ጠየቅኩ ግን። «እሱ ነው፤ ታውቀዋለህ እንዴ?» አሉኝ።

መስቀል ላይ ነው ያያት። የደወለልኝ ኅዳር ላይ። «አለች?» ብሎ ሲጠይቀኝ በእጁ ይዟት፣ አንብቧት፣ ትቷት ሄዶ ነበር። እኔ ደግሞ አቧራ እጠርግላታለሁ! አፈር ልብላ። ወንድሜ በዚያ ዝምታው ውስጥ እኔን እየሰማኝ ነበር፤ እኔ ኔትወርክ ሄደ ብዬ ሃሎ ሃሎ እላለሁ።

ሽማግሌው ጠርሙሷን አውርደው ጭኔ ላይ አደረጉልኝ። አንድ ክፉ ሐሳብ ሽው አለብኝ፤ ይዣት ብሄድ፣ ዝም ብል፣ እሱም ዝም ቢል፣ ሠርግ ነውና ሁሉም በእልልታ ያልፋል። ከዚያ ማሰብ አቃተኝ። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሣሁ። ሽማግሌው «ምነው ልጄ፣ አመመህ?» ሲሉኝ ስልኬን አወጣሁና እፊታቸው ደወልኩ።

«ጋሼ» አልኩ፤ «ጠርሙሷ እኔ ቤት አልነበረችም። ዋሽቼሃለሁ።»

ከወዲያ በኩል የመዶሻና የሰው ድምፅ ይሰማል። ራቅ ብሎ ሲሄድ ድምፁ እየቀነሰ መጣ።

«አውቃለሁ» አለ። «ስደውልልህ ‹ሰጠናት ጋሼ› ትለኛለህ ብዬ ነበር። ሰድቤህ ይወጣልኝ ነበር፤ ከዚያ እንስቅ ነበር። አንተ አቧራዋን እጠርጋለሁ አልከኝ።»

«ይቅር በለኝ። በተዝካሩም፣ በዚህም።»

«ሠርጉ ላይ ይዘሃት መጥተህ ‹ይቺውልህ› ብትለኝ፣ በልጄ ፊት ጉንጭህን ስሜ እቀበልህና ከዚያ ወዲያ ወንድም የለኝም ልል ቆርጬ ነበር።» ትንፋሹ ይሰማኛል። «ይኼን ስልክ ስጠብቅ ነው የከረምኩ።»

እንባዬ ወረደ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩልኝ።

«አሁን የት ነህ?»

«ቡሬ። አባባ ቤት።»

«በላህ?»

«አልበላሁም።»

«በል ብላና ሳይመሽ ድረስ። ዳስ እየተከልን ነው፤ ቋሚ የሚይዝልኝ ሰው አጥቻለሁ። ወንድም እያለኝ የሰው ልጅ ልለምን?»