በቅቤ የታሸው ጃኬት

ዓዲላ የምትሠራበት በረንዳ ከከሚሴ መናኸሪያ ጀርባ፣ ባጃጆች ተራ ከሚጠብቁበት አጠገብ ነው። ጫማ ትሰፋለች፣ ቦርሳ ትጠግናለች፣ ቅባት የነካው ቆዳ ታጸዳለች። ሥራውን ያስተማራት ባሏ ቃሲም ነበር። አንድ ቀን ቃሲም በቤንዚን በራሰ ጨርቅ የሰው ቀበቶ ሲያሽ፣ አጠገቡ ካለው የከሰል ማንደጃ እሳት ተያያዘበት። ዓዲላ በእጇ ልታጠፋው ታገለች። እሱ ሐኪም ቤት ገብቶ አልወጣም፤ የእሷም ጣቶች እንደተጨማደዱ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ በረንዳዋ ላይ ቤንዚን አይገባም፤ ቅባቱን በዱቄት ነው የምታስወጣው።

የባጃጅ ሹፌሮቹ ግን አይተዉአትም። «የዱቄት ሐኪሟ! ዛሬስ ማንን አስተኛሽ?»

«አንተን ያላስተኛሁህ ለዱቄቱ ሳስቼለት ነው!» ትላለች ቀና ሳትል።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ረቢአ የሚባሉ አሮጊት ከጨፋ መጡ። «አካም ቡልቴ፣ ልጄ?» ብለው በኦሮምኛ እንዴት እንዳደረች ጠየቋትና ከፌስታል ውስጥ ቡናማ የቆዳ ጃኬት አወጡ። የከረመ ቅቤ ሽታ በረንዳውን ሞላው።

ጃኬቱ የልጃቸው የኢርፋን ነው። ኢርፋን በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ሲነሣ «ሙቀት አገር ምን ያደርግልኛል» ብሎ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ሄደ። ረቢአ ቆዳ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ያውቃሉ፤ ጠፍርና ስልቻ ሲያለሰልሱ እንደኖሩት ሁሉ ጃኬቱንም በየዒዱ ቅቤ አቅልጠው ያሹት ነበር፣ ልጁ ሲመጣ እንዲለብሰው። ዘንድሮ የመጣው ግን የተሳፈረባት ጀልባ ሰጠመች የሚል ወሬ ነው። ሬሳም የለ፣ መቃብርም የለ።

«አርብ የነፍሱ ሰደቃ ነው» አሉ። «ለሚለብስ ሰው ልስጠው። ሰው ሳይገባበት ግድግዳ ላይ እያየሁት እንዴት ልደር? እንዲህ ገምቶስ ማን ይለብሰዋል? ማዶ ያለው ጫማ ሰፊ በቤንዚን ቶሎ አወጣልሻለሁ ብሎኝ ነበር።»

«ያወጣዋል፣ ቀለሙንም አብሮ። ቆዳውም ደርቆ እጥፋቱ ላይ ይተረተራል። ለእኔ ይተዉት።»

ዓዲላ መጀመሪያ ብብቱ ሥር፣ በማይታይ ቦታ በትንሽ የሳሙና አረፋ ሞከረች። ቀለሙ እንደማይለቅ ስታይ ላዩን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋ፣ ነጭ ጠመኔ አድቅቃ ነሰነሰችበትና አሳደረችው። ጠዋት ጠመኔው ቅቤውን ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል። በለስላሳ ብሩሽ አራግፋ እንደገና ነሰነሰች። ፀሐይ ላይ አላወጣችውም፤ ሙቀት ቅቤውን አቅልጦ ወደ ውስጥ ይሰደዋል። መጨረሻ ላይ የሳሙና አረፋ ብቻ በነካው ጨርቅ አበሰችና ጥላ ውስጥ ሰቀለችው።

ሐሙስ ረቢአ ሲመጡ ሽታው ጠፍቷል፤ እጅጌውና ደረቱ ጠርቷል። ከኋላ ሁለቱ ትከሻዎች ግን እንደጠቆሩ ናቸው።

«ይሄስ?»

«እዚያ ላይ አብዝተው ነው ያሹት፤ ውስጥ ድረስ ገብቷል። ከዚህ በላይ አይወጣም።»

«ትንሽ በቤንዚን ነካ ብታደርጊውስ? በአላህ ይዤሻለሁ!»

ዓዲላ እጆቿን ዘረጋችላቸው። «እማ ረቢአ፣ ይህን ያደረገው ቤንዚን ነው። ባሌንም ቀብሬበታለሁ። ይቀየሙኝ፤ አልነካውም።»

አሮጊቷ ተቆጥተው ጃኬቱን ነጠቁና ተነሡ። የበረንዳው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ግን ጃኬቱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ቁጭ አሉ።

«ትከሻ ትከሻውን ነበራ የማሸው» አሉ የጠቆረውን እየዳሰሱ። «እሱን የያዝኩ እየመሰለኝ።»

«አብሽሩ» ብላ ዓዲላ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ነገ አብረሽኝ ትቆሚያለሽ? ሲለበስ ብቻዬን ማየት አልችልም» ብለው ጃኬቱን መልሰው ሰጧት።

አርብ ዓዲላ ሥራዋን ዘግታ፣ ጃኬቱን እንዳይታጠፍ በመስቀያው እንደያዘች ጨፋ ወረደች። ከዱዓው በኋላ ለአንድ የቀን ሠራተኛ ተሰጠ። ሰውየው ለበሰው፤ ልኩ ሆነ። «አላህ ይቀበልዎ» ብሎ የአሮጊቷን እጅ ሳመ። ረቢአ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ዞሮ መንገድ ሲጀምር ግን ሁለቱ የጠቆሩ ትከሻዎች ከፊታቸው ሄዱ። ረቢአ የዓዲላን ክንድ ጥብቅ አድርገው ያዙ፤ ሰውየው ማሽላው መሐል ገብቶ እስኪሰወር አልለቀቁትም።