ግሱ ላይ የቆመው መልእክት

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ... አዴር ሙሴ ናቸው።

አዴር እኛ ጋ ለትልቅ ሰው ነው፣ እንደ ጋሼ በሉት። በሀርሺን መንገድ ባለች አንዲት መንደር ቦኖ ውሃ ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ ቦኖውን ያስገባው ድርጅት ውስጥ፣ ጅግጅጋ ቢሮ፣ ሪፖርት ጸሐፊ ነኝ። ውሃው የሚወርደው ከፍ ያለ የብረት ማማ ላይ ከተቀመጠ ትልቅ ሮቶ ነው።

ስልኩ ውስጥ ነፋስ ያፏጫል።

«ወላሎ፣ እህቴ፣ እዚህ ላይ እየተወዛወዘ ነው... ለመሐንዲሱ ንገሪው» አሉኝ። መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውል እምቢ አለ።

መሐንዲሱ ኬንያዊ ነው፣ ናይሮቢ ሆኖ ነው የሚከታተለን። አማርኛም ሶማልኛም አይሰማም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ «ማማው...» ብዬ ጀመርኩና ግሱ ላይ ቆምኩ።

ስዌይ ልበል? ስዌይ ለኔ ዛፍ ነው፤ ሥሩ ሳይነቃነቅ በነፋስ ዘንበል ቀና ሲል። ስዊንግ ዥዋዥዌ ነው፣ ወዲያ ወዲህ። ዳንግል ደግሞ በአንድ ጫፉ ብቻ ተንጠልጥሎ የሚንገላወድ ነገር... ማማ እንዴት ይንጠለጠላል? እሱን ተውኩት።

አጠገቤ የምትቀመጠው ሆዳን ሁሉም ያው መወዛወዝ ነው፣ አንዱን ጻፊና ላኪ አለችኝ። ስዌይ ለስለስ አለብኝ። አዴር ሙሴ ደግሞ በትንሽ በትልቁ የሚደውሉ ሰው አይደሉም። ስዊንግ ብዬ ላክሁ።

መሐንዲሱ ወዲያው ደወለ። የብረት ማማ በነፋስ ትንሽ ዘንበል ቀና ቢል የተለመደ ነው፣ ስዊንግ ካደረገ ግን እግሩ ለቋል ማለት ነው አለኝ። በዓይንሽ አይተሻል ወይ ሲለኝ አላየሁም አልኩት።

«እንግዲያው የጻፍሽውን ነው የማምነው። ውሃው ይዘጋ፣ ከሥሩ ሰው ይራቅ።»

እንደምንም አዴር ሙሴን አገኘኋቸውና ነገርኳቸው። ሰው ከሩቅ ግመል ይዞ መጥቷል አሉኝ፣ ግን አልተከራከሩም። በበጋ፣ እኔ በመረጥኩት አንድ ግስ፣ ሴቶቹ ባዶ ጀሪካን ይዘው ሊመለሱ ነው። ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ሾፌራችንን ለምኜ ተነሳን።

ስንደርስ ነፋሱ በርዷል። ማማው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ትንሽም አይነቃነቅ! ሴቶቹ ራቅ ብለው ግራር ሥር ተቀምጠው ያዩኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«አዴር... ማማው እኮ አይወዛወዝም» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ማማው ማን አለሽ?» አሉኝ። «መሰላሉ ነው እንጂ።»

በእጃቸው ወዳሳዩኝ ዞርኩ። ወደ ሮቶው የሚያስወጣው ረጅሙ የብረት መሰላል መሬት ላይ ተጋድሟል። ለካ ነፋሱ ብሎኖቹን አላልቷቸው ጠዋት በአንዷ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። እኛ መንገድ ላይ እያለን እሷም ለቀቀች። የወደቀው ቦኖው ፊት ነው፣ ሴቶቹ ወረፋ ያስያዙባቸው ጀሪካኖች ላይ። ከሥሩ ያሉት ተጨፍልቀው እንደ ወረቀት ሆነዋል። ሌላ ቀን ቢሆን ከእያንዳንዱ ጀሪካን ኋላ አንዲት ሴት ትቆም ነበር።

አንዷ እናት የተጨፈለቀውን ጀሪካኗን አንስታ አገላብጣ አየችው። ሕፃኗን ጀርባዋ ላይ አስተካክላ አዘለችና ጀሪካኑን መልሳ አስቀመጠችው።

ውሃው እዚያው ተከፈተ። ለመሐንዲሱ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩለት፣ ትክክለኛው ቃል ዳንግል እንደነበርም ጨመርኩ። መልሱ አጭር ነው።

«ማማው ዳንግል ያደርጋል ብትዪኝ ኖሮ፣ ምን ማለትሽ እንደሆነ ስጠይቅሽ መሰላሉ ይወድቅ ነበር።»

የሰዋስው መምህራን ይፍረዱኝ... ያን ቀን ሰው ያተረፈው ግሱም ባለቤቱም የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ነው።