የበርሜሉ ሞተር

ሞተር ጠጋኙ ሰውዬ በልጅነቱ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ታንኳ ተገልብጦበት፣ መቅዘፊያ አቅፎ ውሃ ላይ እንዳደረ ኋላ ላይ ይወራ ነበር። በጣሊያን ጊዜ አዲስ አበባ፣ ጌጃ ሰፈር ሲገባ ግን ስሙን እንኳ የጠየቀው የለም። ጣቶቹ በዘይት የጠቆሩ፣ ኮቱን በሲባጎ የሚያስር ሰው ነበር። ፈታትቶ ያደሰውን የጀልባ ሞተር ውሃ በሞላው በርሜል ጠርዝ ላይ አስሮ፣ አዲሶቹ ብረቶች እስኪላመዱ ሦስት ቀን በዝግታ አሠራው። መዳፉን ከሞተሩ አያነሣም፤ ሲግልበት ያጠፋዋል።

ወይዘሮ ወለተሰንበት ከልደታ ማርያም ሲመለሱ ውሃው ሲናወጥ አዩና ነጠላቸውን አጣፉ።

«ጠበል ፈለቀ እንዴ?»

«የጀልባ ሞተር ነው፣ እናቴ።»

«እዚህ የት ባሕር አለና?»

«ለዝዋይ ነው። ባለቤቱ ጣሊያን ነው።»

በርሜሉን ከብበን የቆምን የሰፈሩ ሰዎች ሁላችንም ግራ ገባን። ጎረቤቱ ገረሱ ግን ተቆጣ።

«ለጠላት ነው እንዲህ የምትጠነቀቀው? በኃይል አስነሣውና ብረቱ ግሎ ተጣብቆ ይቅር!»

ሰውየው ሞተሩን አጠፋ።

«ጣሊያኑ ዳር ቆሞ ያዛል፤ የሚሳፈሩት የደሴቶቹ ሰዎች ናቸው። ታንኳው ሲገለበጥ ወንድሜ እጄን ይዞ ነበር፤ ሳይነጋ ለቀቀኝ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ሰው ውሃ መሃል እንዳይቀር ነው።»