እንጦጦ ላይ የጮህኩ ለታ

የአለቃዬ የወይዘሮ ብርነሽ ንዝንዝ ሊያሳብደኝ ሲደርስ፣ አንዱ የዩቲዩብ መካሪ «ከፍ ያለ ቦታ ውጡ፤ ከተማዋን ቁልቁል ስታዩ ችግራችሁ ያንሳል፤ ከዚያ ጮኻችሁ አውጡት!» አለ። እኔም ለወይዘሮ ብርነሽ በስልክ «አሞኛል» ብዬ ከሰፈሬ ከመሪ ተነስቼ እንጦጦ ወጣሁ።

እውነትም ከላይ ሲያዩት መሥሪያ ቤታችን የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ደስ አለኝና ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ አንጀቴ እስኪበጠስ ጮህኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ከጸበል የሚመለሱ እናቶች ከበውኛል።

«ውይ ልጄን! ተነሳበት!» አሉና አንድ ጀሪካን ጸበል አናቴ ላይ ገለበጡት። «ተናገር! ማን ነህ?»

«ኧረ እማማ፣ ጤነኛ ነኝ!»

«ይዋሻል! ጨምሩበት!»

እንጦጦ ላይ የጮኸ ሰው ጤነኛ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? ብርዱ አጥንቴ ድረስ ሲገባ መገላገያ ፈለግሁና ለፈለፍኩ።

«እሺ! ወይዘሮ ብርነሽ ነኝ! ቢሮ ውስጥ ነው የያዝኩት! ለቅቄዋለሁ፣ ወጥቻለሁ!»

እልልታው ቀለጠ። ከኋላ የቆሙ አንዲት ነጠላ ያጣፉ ሴትዮ ግን እልል አላሉም። የጀሪካናቸውን ክዳን እየፈቱ ቀረቡኝ። ራሳቸው ወይዘሮ ብርነሽ ናቸው።

«ገና አልወጣሁም» አሉና አናቴ ላይ ለቀቁት።