በነሸር አውቶቡስ ላይ የተካሄደ ምርመራ

ሊያል አውቶቡስ ውስጥ ሆና ለእንግሊዝኛ ፈተናዋ «ኢንኳየሪ» የሚለውን ቃል ታጠናለች። አንዳንዴ ተራ ጥያቄ፣ አንዳንዴ ምርመራ ማለት ነው ይላል መጽሐፉ፤ ልዩነቱ ግን አልገባት ብሏል። አውቶቡሱ ነሸር ከተማ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ተሳፍረው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። በኮታቸው ላይ ነጠላ አጣፍተዋል፤ በዚያ ጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ተመርኩዘዋል።

«የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?»

የአባቷን ስም ነገረቻቸው። ይህ ተራ ጥያቄ ነው። አያቷን ጠየቁ፤ ቅድመ አያቷን ጠየቁ። ከዚያ በላይ ሲያልፉ ስለማታውቅ እናቷ ጋ ደወለች። ይኸስ ምርመራ ነው!

ቀጥለው አጠገቧ ወደተቀመጠው ወታደር ዞሩ። ሊያል ከተሳፈረች ጀምሮ ሰርቃ ስታየው የነበረ መልከ መልካም ነው። እሱም እናቱ ጋ ደወለ።

ሽማግሌው ጃንጥላቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«አምስተኛው አያታችሁ አንድ ናቸው! ሰባት ቤት አልሞላም። እህትህ ናት፤ ሳማት እንጂ!»

«ቤሰደር» አለ ወታደሩ ፊቱ ቀልቶ፣ በዕብራይስጥ እሺ ማለቱ ነው፤ ግንባሯን ሳማት።

ሊያል ብሽቅ አለች።

«አንቱስ አባባ፣ የማን ልጅ ነዎት?»

የሽማግሌው ፈገግታ ጠፋ። ጆሯቸው ድንገት ከበደ። ደወሉን ተጭነው ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወረዱ።

አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት አየቻቸው። ፌርማታው ወንበር ላይ ወደተቀመጡ አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት ጎንበስ ብለው፣ በአማርኛ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ ይጠይቃሉ።