አይቻለሁ ያልሁት መጋዘን

ያን ዓመት ሰኔ ማዳበሪያ ፍለጋ ከመኪናው መንገድ ዳር ባለው መጋዘን ደጅ ሦስት ቀን ተሰልፌያለሁ። ይህ እውነት ነው። ከፊቴ የቆሙትንም ከኋላዬ የቆሙትንም አውቃቸዋለሁ። ዝናቡ ሲመጣ ተራችንን በድንጋይ እያስያዝን ከዛፍ ሥር እንጠለላለን፣ ሲያባራ ደግሞ ተመልሰን ድንጋያችን አጠገብ እንቆማለን። በሦስተኛው ቀን «ስማችሁ ዝርዝሩ ላይ የለም፣ ቀበሌያችሁን ጠይቁ» አሉን። ቀበሌ ብንሄድ «ዝርዝሩን ለወረዳ ልከናል» አሉን። እንዲህ ስንመላለስ የገብስ መዝሪያው አለፈ። መሬት ጦም ከሚያድር ብዬ እንዲያው ያለ ማዳበሪያ ዘራሁት። ነሐሴ ላይ ገብሴ ከጉልበት በታች ቀርቶ ቢጫ ሆነ።

በዚያው ነሐሴ፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ የመረጥነው የምክር ቤት አባል ወደኛ መጣ። የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ነው። የወረዳ ሰዎች «ተፎካካሪ» ይሉታል፤ እኛ ግን «ተቃዋሚ» የሚለውን የድሮውን ስም አልተውንም። አዲስ አበባ ምክር ቤቱ ሲዘጋ የመረጠውን ሰው ሊጠይቅ ይመጣል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ወይራው ሥር ተቀመጥን፤ እሱም ጭቃ በጫማው ይዞ ከኛው እኩል ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

የሚሰማ ሰው ነው። ሰው ሲናገር አያቋርጥም፣ ስልኩንም አያይም። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ደግሞ አፍ ይፈታል። ሰልፉን ነገርሁት፣ ዝርዝሩን ነገርሁት፣ ገብሴንም ወስጄ አሳይቼው ወይራው ሥር ተመለስን። ከዚያ፣

«አባቴ፣ ማዳበሪያው ሳይመጣ ቀርቶ ነው ወይስ መጥቶ ነው የከለከሏችሁ?» አለኝ።

«መጥቶ ነው እንጂ! መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞልቶ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አልሁት።

አላየሁም ነበር። ያየሁት በሁለተኛው ቀን ሸራ የለበሰ አንድ የጭነት መኪና ወደ ግቢው ሲገባና በሩ ከኋላው ሲዘጋ ነው። ከፊቴ የቆመው ሰው «ይኸው ገባ፤ እስከ ጣሪያው ሞልተውታል» አለ። እኔ ግን እግሬም ዓይኔም ከዚያ በር አላለፈም። ልዋሽ ብዬ አልነበረም። ተናድጄ ነበር፤ የተቀመጡትም ሁሉ «እውነቱን ነው» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ሰውዬው በደብተሩ ጻፈው። ሲጽፍ እያየሁ እንኳ አልደነገጥሁም።

ኅዳር ላይ ምክር ቤቱ ስለ እርሻ ሊነጋገር ነው ሲባል ዳባት ወርጄ አንድ ሻይ ቤት ገባሁ፤ ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። የኛው ሰው ተነሣ። የሚሰጡት ሰዓት ትንሽ ነው፤ እሱም ያውቀዋልና ወደ ነገሩ ገባ። ማዳበሪያ ከዘር ወቅት በፊት የማይደርሰው ለምንድን ነው አለ። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ማን ነው፣ ከዝርዝሩ የሚወጣውስ በምን ምክንያት ነው አለ። ወቅቱ ያለፈበት ገበሬ ምን ሊበላ ነው የታሰበው አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። በመጨረሻ፣

«አንድ ገበሬ አባት ሰኔ ላይ በተሰለፉባቸው ቀናት መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞልቶ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ ብለውኛል» አለ።

ሻይ ቤቱ ተናወጠ። የወይራውን ሥር ወሬ ሁሉም ሰምቶት ኖሯል።

«አባባ፣ ፓርላማ ገቡ እኮ!»

«ተነሡላቸው እንጂ፣ የተከበሩ አባባ መጡ!»

አልደብቅም፣ ኮራሁ።

ከዚያ ለመንግሥት መልስ የሚሰጡት ባለሥልጣን ወረቀት ገለጡ። በተባሉት ቀናት በዚያ መጋዘን አንድ ጆንያ ማዳበሪያ እንዳልነበረ፣ የገባው ኋላ መሆኑን መዝገብ ጠቅሰው ተናገሩ። «የተከበሩት አባል የመንገድ ወሬ ይዘው ወደዚህ ባይመጡ መልካም ነው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ሌላውን ጥያቄ ሳይነኩት ተቀመጡ።

ከጎኔ የነበረው ነጋዴ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «ባዶ ነበር ካሉ ያው ባዶ መሆኑን አመኑ አይደል? በሰኔ ለምን ባዶ ሆነ?» አለ። ይህን ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተናገረ አልነበረም። የኛው ሰው እጁን አነሣ፣ ዕድል አልሰጡትም። ሰልፉ፣ ዝርዝሩ፣ ገብሱ፣ ያ ሁሉ እውነት በኔ አንድ ቃል ወደቀ። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አይታ፣

«ምነው? ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ሰው አስዋሸሁ።»

ነገሩን ሰምታ ስታበቃ፣

«ስምህን ጠራ?»

«አልጠራም።»

«ታዲያ አርፈህ ተቀመጥ። እሱ እንደሆነ መሰደብ ሥራው ነው። ያላየሁትን ተናገርሁ ብለህ አደባባይ ብትወጣ የሱም ወገን የመንግሥትም ወገን ይጠላሃል። የመጪውን ሰኔ ዝርዝር ደግሞ የሚጽፉት የቀበሌ ሰዎች ናቸው፣ እንዳትረሳ።»

እውነቷን ነበር። ወራት ዝም አልሁ። ግን እርሻ ስውል፣ ቤተ ክርስቲያን ስቆም፣ ያ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። የተሳቀው በሱ ነው፤ የተሳቀበት ቃል ግን የኔ ነው። የካቲት ላይ ሰውዬው ደባርቅ ሕዝብ ሊያነጋግር መጥቷል ሲባል «እሄዳለሁ» አልኋት።

«አንተ ግትር» አለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «እንግዲህ ከሄድህ በዚህ በቆሸሸ ጋቢ አትሂድብኝ» ብላ የታጠበውን አወጣችልኝ።

ደባርቅ አዳራሹ ሞልቶ ደረስሁ። ከፊት የፓርቲው ሰዎች፣ ከዳር የወረዳ ሹማምንት ተቀምጠዋል። ብዙ ሰው ጠየቀ፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ልጆች ትምህርት። ተራዬ ሲደርስ ድምፅ ማጉያውን የያዘው ልጅ እግር፣

«አባቴ፣ ጥያቄዎን ባጭሩ» አለኝ።

«ጥያቄ የለኝም። ቃሌን ላቃና ነው የመጣሁት።»

ዳኛ ፊት እንደሚቆም ሰው ጋቢዬን አደገደግሁ። መጋዘኑ ሞልቶ በዓይኔ አይቻለሁ ያልሁት እኔ ነኝ፣ አላየሁም፣ ያየሁት አንድ ሸራ የለበሰ መኪና ነው፣ በውስጡም ምን እንዳለ አላውቅም አልሁ። ሹማምንቱ ተያይተው ፈገግ አሉ።

«አባባ፣ ስንት ሰጡዎት?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ከፓርቲው ልጆች አንዱም «ጉድ አደረጉን» ሲል ሰማሁት። መቀመጥ አማረኝ። ግን አልጨረስሁም ነበር።

«ያላየሁትን አየሁ ማለቴ ያየሁትን ሐሰት አያደርገውም» አልሁ። «ሦስት ቀን ቆሜያለሁ። ስምህ የለም ተብያለሁ። ገብሴ ቢጫ ሆኗል። ይህን ግን ማንም ፊት እምላለሁ።»

ሹማምንቱ ፈገግታቸውን ሰበሰቡ። ሰውዬው ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ሳይዝ፣

«አባቴ፣ ጥፋቱ የርስዎ ብቻ አይደለም» አለ። «አየሁ ሲሉኝ ከየት ሆነው አዩ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። መጋዘኑ ሞልቶ እንዲገኝ እኔም ፈልጌ ነበር።»

ስብሰባው ሲያልቅ ደጅ ካለው አግዳሚ አስቀመጠኝና ደብተሩን በአዲስ ገጽ ገለጠ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ነገርሁት። አሁን በየመሐሉ ያስቆመኛል፤ «ይህን አይተው ነው ወይስ ሰምተው?» ይለኛል። ጽፎ ሲያነብልኝ «የቀበሌው ገበሬ ሁሉ ሳያገኝ ቀረ» የሚል ሰማሁ።

«አይ፣ ሁሉ አይደለም። ጎረቤቴ አግኝቷል» አልሁት።

«አባቴ፣ ነገሩ እኮ ሳሳ።»

«ይሳሳ።»

ሰረዘው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በለቀምኋት ፊደል ስሜን ከሥሩ ጻፍሁለት።

ባለቤቴ የፈራችው ነገር ደረሰ ወይ ብትሉኝ፣ በተከታዩ ሰኔ መጀመሪያ በወጣው ዝርዝር ስሜ አልነበረም፤ ኋላ ተጨመረ። ከዚህ ነገር ጋር ይያያዝ አይያያዝ አላውቅም፤ ስለማላውቅም ማንንም አልከስም።

ከዚያ በፊት፣ መጋቢት ላይ፣ ሰውዬው ምክር ቤቱ ፊት ተነሥቶ ስለ መጋዘኑ ያለው ስሕተት እንደነበር፣ ያረሙትም አባት ራሳቸው መሆናቸውን ተናግሮ፣ የቀሩትን ጥያቄዎች ግን እንደገና አንድ በአንድ ጠየቀ ይላሉ። የነገረኝ የሻይ ቤቱ ባለቤት ነው፤ እኔ ያን ቀን ድንች ማሳዬ ውስጥ ነበርሁ። ምን መለሱለት ብዬ ብጠይቀው የገበያ ቀን ስለነበር ጫጫታው አላሰማኝም አለ። ሌላ ሰው ደግሞ እንዲህ መለሱለት ብሎ ነግሮኛል፤ ከየት ሰማህ ስለው ግን እሱም ከሌላ ሰው ነው። ስለዚህ መልሱን እዚህ አልጻፍሁትም።